መኪናው ውስጥ ያለው ውሃ ከየት መጣ?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የአዲስ አበባ ዝናብ ሲበረታ አሮጌ መኪና ያለው ሰው የሚያውቀው ጣጣ አለ። ጠዋት በሩን ሲከፍት የታፈነ የሻጋታ ሽታ ይቀበለዋል። መስታወቱ ከውስጥ ላብ ለብሷል፤ ምንጣፉም ሲረገጥ ውሃ ይተፋል። የብዙዎች የመጀመሪያ መፍትሔ ሲልከን ገዝቶ ክፍተት የመሰለውን ሁሉ መድፈን ነው። በማግስቱ ይዘንባል፤ ምንጣፉም እንደገና ይርሳል።

መኪና እንደ ማሰሮ የተደፈነ ዕቃ አይደለም። ሠሪዎቹ ራሳቸው ውሃ እንዲገባ የተዉባቸው ቦታዎች አሉት፤ ለገባው ውሃም መውጫ አበጅተውለታል። መኪናው ሲያረጅ መግቢያው ይሰፋል፣ መውጫው ይደፈናል። ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ካላየ ግማሹን መንገድ እንኳ አይሄድም።

በሩን እንውሰድ። ከመስታወቱ ግርጌ ያለው ጎሚኒ ዝናቡን ይቀንሰዋል እንጂ አያግደውም። ውሃው መስታወቱን ተከትሎ ወደ በሩ ሆድ ይወርድና በታችኛው ጠርዝ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይፈሳል። በላሜራውና በውስጥ ሽፋኑ መካከል የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ አለ፤ ሥራው ይህ ውሃ ወደ ተሳፋሪው እንዳይዞር መከለል ነው። የመስታወት ማንሻ ሲጠገን ወይም ስፒከር ሲገጠም ፕላስቲኩ ይቀደዳል፣ ብዙ ጊዜም ሳይመለስ ይቀራል። የታችኞቹን ቀዳዳዎች ደግሞ አፈር፣ አለዚያም ባትላሜራ ቤት የተቀባው ስቱኮና ቀለም ይደፍናቸዋል። በሩ ሲከፈት ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ መውጫው ተዘግቷል ማለት ነው፤ በቀጭን ሽቦ መክፈት ይበቃል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ የተተከሉበት ቦይ ነው። ንጹሕ አየር ወደ መኪናው የሚገባው በዚሁ በኩል ነው። ከጃካራንዳ ወይም ከባሕር ዛፍ ሥር የሚቆም መኪና ቦዩ በቅጠልና በአቧራ ይሞላል። ውሃው መውረጃ ሲያጣ የአየር ማስገቢያውን ከንፈር አልፎ በዳሽቦርዱ ሥር ይወርዳል። የሚከፈት ጣሪያ ያላቸው መኪኖችም አብዛኛውን ጊዜ በማዕዘኖቹ ቀጫጭን ቱቦዎች አሏቸው። ቱቦው ሲደፈን ወይም ከቦታው ሲወልቅ ከጣሪያ የተነሳው ውሃ በምሰሶው ውስጥ ተሽሎክሉኮ እግር ሥር ብቅ ይላል።

የቀሩት ቶሎ ይቆጠራሉ። የኋላ መብራት ጎሚኒ ሲደርቅ መለዋወጫ ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውሃ ያቁራል። የአንቴና ግርጌ፣ ጣሪያ ላይ ዕቃ መጫኛ የታሰረባቸው ብሎኖች፣ የላሜራ መገጣጠሚያዎች፣ የወለሉን ቀዳዳዎች የሚደፍኑ ጎሚኒዎችም ይመረመራሉ። ከላይ ደርቆ ከታች የሚረጥብ፣ ያውም ውሃ የተኛበት መንገድ ካለፈ በኋላ ብቻ የሚረጥብ መኪና ችግሩ ወለሉ ላይ ነው።

ደግሞም ውሃ ሁሉ ዝናብ አይደለም። ምንጣፉ በበጋም የሚረጥብ ከሆነ በጣት ነካ አድርጎ ማሽተት ይጠቅማል። ጣፋጭ ሽታ ያለውና ጣት ላይ የሚያዳልጥ ፈሳሽ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ካለችው የማሞቂያ ራዲያተር ያመለጠ ኩላንት ነው። ፈሳሹ መርዛማ ስለሆነ መቅመስ አይገባም። ኤሲ ሲሠራ ብቻ የሚታይ ንጹሕ ውሃ ከሆነ ግን የኤሲው ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኗል።

በዚህ ረገድ ቮልስ ለመርማሪው ቀላል ናት። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ ውስጧ የተገኘ ውሃ ከውጭ የመጣ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣችው ይህች መኪና በጎኖቿ ሥር፣ ከበሮቹ ግርጌ፣ ከኋላው ሞተር ወደ ፊት ሙቅ አየር የሚያስተላልፉ ውስጠ ባዶ የላሜራ ሣጥኖች አሏት። ምንጣፏ እርጥብ ሆኖ ሲከርም መጀመሪያ የሚበሰብሱት እነዚህ ናቸው፤ የቦዲውም ጥንካሬ በእነሱ ላይ የቆመ ነው። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ እዚያ የተጠራቀመ ውሃ ከአሲድ ጋር ተባብሮ ወለሉን ይበላል። ቮልስ የሚገዛ ሰው ከሞተሩ በፊት የኋላ ወንበሩን ቢያነሳ ይሻለዋል።

ፍለጋው ራሱ ሁለት ሰው፣ የውሃ ጎማና የእጅ ባትሪ ይፈልጋል። መጀመሪያ ምንጣፉና ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ወጥተው ወለሉ ይደርቃል፤ በረጠበ ወለል ላይ አዲስ ጠብታ አይታወቅም። አንዱ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው በቀስታ የሚፈስ ውሃ ከታች ጀምሮ እየለቀቀ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። ከጣሪያ የጀመረ ሰው መኪናውን በሙሉ ያረጥብና መግቢያው ይጠፋበታል። እያንዳንዱን ቦታ ለጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ውሃ በላሜራ ድርብርብ ውስጥ ጊዜ ወስዶ ይጓዛል። የመኪና እጥበት ቤት ኃይለኛ መርጫ አይመከርም፤ ደህናውንም ጎሚኒ አልፎ ስለሚገባ የሌለ ጥፋት ያሳያል።

የውሃ ጎማ ሳያስፈልግ የሚሠሩ ዘዴዎችም አሉ። ወረቀት በር ላይ አስገብቶ ዘግቶ መሳብ አንዱ ነው፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎሚኒው እዚያ ላይ አይነካም። መስኮቶቹን ዘግቶ፣ አየሩ ከውጭ እንዲገባ አድርጎ ማራገቢያውን በሙሉ ኃይል መልቀቅ ሌላው ነው። ከውጭ የሳሙና ውሃ ሲቀባ አረፋ የሚነፋበት ቦታ አየር ያስወጣል፤ አየር ያስወጣ ደግሞ ውሃ ሊያስገባ ይችላል።

ቀዳዳው ሲገኝ ሲልከኑ እንደገና ይመጣል። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ ባዶ ላሜራ ላይ ዝገት ያፋጥናል። ጎሚኒ የሚይዘው የቆየ የፊት መስታወት ከሆነ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከጎሚኒው ሥር የዛገው ጠርዝ ነው። መስታወቱ ወጥቶ ዝገቱ ካልተጠረገ አዲሱም ጎሚኒ አይዝም።

ይህ ሥራ ኢትዮጵያ ውስጥ ከምቾት ያለፈ ትርጉም አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ አስወድዷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከልክሏል። መንገድ ላይ ያሉት ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ብዙ ክረምት ይጠበቅባቸዋል። ሞተር ይታደሳል፣ ፍሬን ይቀየራል፤ የበሰበሰ ወለል ግን ቆርጦ መበየድ ይጠይቃል፤ ወጪውም ከባድ ነው። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ዝናቡ ሳይጀምር፣ ግንቦት ላይ፣ የመጥረጊያውን ቦይ ያጽዳ፣ የበሮቹን ማፍሰሻ በሽቦ ይክፈት፣ ምንጣፉንም ገልጦ ወለሉን በእጁ ይዳስስ።