«ቦነስ ሃንት» በአማርኛ ምን ይባላል?



ከጥቂት ሳምንታት በፊት በትልልቆቹ ክፍል ቁጥር እያስተማርን ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ በመቶና በሺህ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲሠራ ጠየቅን። አንዱ ልጅ «ሰውየው በአንድ ሺህ ዶላር ጀመረ» አለና ቆመ። «ቲቸር፣ ቦነስ ሃንት በአማርኛ ምን ይባላል?» እኛም በየዋህነት «የቦነስ አደን» ብለን ሰሌዳው ላይ ጻፍንለት። ከልጆቹ ብዙዎቹ ሳቁ፤ ነገሩን ያውቁታል። ከአስተማሪዎቹ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህን ለወላጆች ስናወራ አንድ አባት ወደ ጎን ጠርተውን የራሳቸውን ነገሩን፤ ስም ሳንጠቅስ እንድንጽፈውም ፈቀዱልን። በክሬዲት ካርዳቸው ላይ የማያውቁት ትናንሽ ክፍያ ተደጋግሞ ያያሉ። የ17 ዓመቱን ልጃቸውን ሲጠይቁት ካርዱን የተጠቀመው እሱ ነው። «ይሄ ቁማር ነው!» ይሉታል። ልጁ ደግሞ ከልቡ «ቁማርማ ካርታ ነው፣ ይሄ ጌም ነው» ይላቸዋል። አባትየው የጌሙን ቋንቋ አያውቁም፣ ልጁ «ቁማር» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከአያቱ ወሬ ነው። እዚያው ላይ ንግግሩ ቆመ። ለዚህ ነው ሥራውን ጠይቀንና አንብበን የጻፍንላችሁ።

ስሎት ማለት ያው ካዚኖ ውስጥ ሥዕሎቹ የሚሽከረከሩበት ማሽን ነው፤ አሁን ስልክ ላይ ገብቷል። አንዴ ሲነኩት ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ቁጥር ያወጣል፣ ውጤቱ ያኔውኑ አለቀ። ያለፈው ዙር ለሚቀጥለው ምንም አይነግረውም። «ብዙ ስለተበላሁ አሁን ሊሰጠኝ ነው» የሚባል ነገር የለም። «ቦነስ» የሚሉት ደግሞ የተወሰኑ ምልክቶች ሲገጣጠሙ የሚከፈት የነፃ ዙር ነው፤ ትልልቁ ገንዘብ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው።

አደኑ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ አንድ ጌም ከፍቶ ቦነስ እስኪመጣ ያሽከረክራል። ሲመጣ ግን አይጫወተውም፣ ጌሙን ዘግቶ ይወጣል። ቦነሱ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ወደ ሌላ ጌም ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሌላ። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ካጠራቀመ በኋላ ካሜራ ፊት አንድ በአንድ ይከፍታቸዋል። ተመልካቾች መጨረሻው ስንት እንደሚሆን ይገምታሉ፣ ለቀረበው ሽልማት አለ። ልጆቹን የሚይዛቸው ይሄ ግምት ነው፤ ሳይከፍሉ የሚገቡበት በር ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ቁጥሩ ከጌም ጌም ይለያያል፣ የኛን እንደ ምሳሌ ውሰዱት። ጌሙ ከ100 ዶላር በአማካይ 96ቱን ይመልሳል እንበል፦ 66ቱን በተራው ዙር፣ 30ውን በቦነስ። ቦነስ በ200 ዙር አንዴ ይመጣል። ሰውየው 1,000 ዶላር ይዞ በዙር 1 ዶላር እያስያዘ 10 ቦነስ ሊያድን ተነሳ። 2,000 ዙር ያስፈልገዋል፤ ያው ገንዘብ ስለሚዞር እንጂ 2,000 ዶላር አልያዘም። በአማካይ 1,320 ይመለስለታል። ስለዚህ አደኑ ሲያልቅ እጁ ላይ 320 ቀርቷል። ከዚያ ቦነሶቹን ይከፍታል፤ በአማካይ 60፣ 60 ዶላር፣ በድምሩ 600። መጨረሻው 920። 80 ዶላር ሄደ። ቦነሱ በመጣ ቁጥር እዚያው ቢጫወተውም የሚሄደው ያው 80 ነበር። አደኑ የቀየረው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው፦ መጀመሪያ መበላቱ፣ በኋላ ማግኘቱ።

ልጆቻችን የሚያዩት ደግሞ ሁለተኛውን ነው። 680 ዶላር የጠፋበት ረጅም ሰዓት ማንም አይቶ አይጨርሰውም። ተቆርጦ የሚዞረው ቪዲዮ የመክፈቻው ነው፣ እዚያ ላይ ገንዘቡ ከመጨመር ሌላ አያውቅም። ደግሞም 60 አማካይ እንጂ የሁልጊዜ አይደለም። ብዙዎቹ ቦነሶች 10 ወይም 20 ይሰጣሉ፣ አልፎ አልፎ አንዱ ብዙ ይሰጣል። እኛ ጋ የሚደርሰው ያ አንዱ ነው።

ለልጁ በእቁብ ማስረዳት ይቻላል። አሥር ሰው መቶ መቶ ካዋጣ 1,000ው ሙሉውን ይወጣል፣ የሚለያየው ተራው ብቻ ነው። ይሄኛው ግን ሰብሳቢው ከእያንዳንዱ መቶ 4ቱን ኪሱ የሚከትበት፣ ተራህም እንደሚደርስህ ማንም ዋስ የማይሆንበት እቁብ ነው። ማን ይገባል?

«አደን» በሌላ መልኩም አለ፦ ድረ ገጾች ለአዲስ ሰው የሚሰጡትን ስጦታ እየዞሩ መልቀም። «100 ዶላር እንካ» ይላሉ፣ ከሥር ግን 35 ጊዜ ሳታዞረው ማውጣት አትችልም የሚል አለ። 3,500 ዶላር ማስያዝ ማለት ነው። ከመቶው 4 ሲሄድ 140 ዶላር፤ ከስጦታው በላይ።

ታዲያ ካሜራ ፊት ያለው ሰው እንዴት አይከስርም? ከነዚህ ብዙዎቹ ከድርጅቶቹ ይከፈላቸዋል፣ በእነሱ በኩል ለሚመዘገብ ሰው ኮሚሽን የሚያገኙም አሉ። ትዊች በኦክቶበር 2022 ፈቃድ የሌላቸው አንዳንድ የቁማር ድረ ገጾች እንዳይታዩ ከልክሏል። ብዙም ሳይቆይ ኪክ የሚባል ሌላ መድረክ ተከፈተ፤ ከጀርባው ያሉት ከተከለከሉት አንዱ የሆነው የስቴክ ባለቤቶች ናቸው።

በአልበርታ ለመጫወት ዕድሜው 18 ነው። ክፍለ ሀገሩ ራሱ ፕሌይ አልበርታን በ2020 ከፍቷል፣ በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ለግል ድርጅቶችም በር ከፍቷል። ማስታወቂያው ይበዛል ብለን እንገምታለን።

እዚህ ላይ እኛም ንጹሕ ነን አንልም። በአልበርታ ማኅበራት ካዚኖ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ሠርተው ከገቢው ድርሻ ያገኛሉ፤ ከኛም ከናንተም መካከል ለማኅበር ብሎ እኩለ ሌሊት ድረስ ቺፕ ያመላለሰ፣ ገንዘብ የቆጠረ አለ። ልጁ «አንተም ካዚኖ ሠርተሃል» ቢላችሁ አትደናገጡ። ያያችሁትን ንገሩት፤ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚገባ እናንተ በዓይናችሁ አይታችኋል።

ከላይ የጠቀስናቸው አባት ካርዱን ከስልኩ አነሱ፣ የልጁን ስልክ ግን አልነጠቁም። አንድ ምሽት «እስቲ አሳየኝ» ብለው አጠገቡ ተቀመጡ። አንድ ሙሉ አደን ከመጀመሪያው አብረው አዩ፣ ሳያሳልፉ። ልጁ መሀል ላይ «ይሄ ክፍል ይሰለቻል» አለ። አባትየው ወረቀት ላይ የሚቀንሰውን ይጽፉ ነበር።

ነገሩ ከዚህ ካለፈ፣ ለልጅም ሆነ ለትልቅ ሰው፣ የአልበርታ የሱስ እርዳታ መስመር 1-866-332-2322 ነው። 811 ደውላችሁ «አማርኛ» ብትሉ አስተርጓሚ ይሰጧችኋል። ልጆች ብቻቸውን ማውራት ከፈለጉ ኪድስ ሄልፕ ፎን 1-800-668-6868 አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በትልልቆቹ የቁጥር ክፍለ ጊዜ ይህንኑ ሒሳብ በሽምብራ እንሠራዋለን፤ በአማርኛ እየቆጠርን። መቀመጥ የምትፈልጉ ወላጆች ኑ፣ ወንበር አለ። ሽምብራ የምታመጡ ጥሬውን አምጡ፣ ባለፈው የተቆላውን በልተው ጨረሱብን።