የላሊበላ ድንጋይ እና ፈልፋዮቹ

በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ የሰው ቁመት የሚያህሉ የቅዱሳን ምስሎች ቆመዋል። ሌላ ቦታ ተጠርበው የተለጠፉ አይደሉም፤ ከራሱ ከግድግዳው የወጡ ናቸው። ምስሉ ወደ ፊት ጎላ ብሎ እንዲታይ ዙሪያውን ያለው ድንጋይ ሁሉ በዚያው ልክ መቀነስ አለበት። ስለዚህ ፈልፋዩ ግድግዳውን ሲያወርድ ትከሻው እስከ የት እንደሚሰፋ፣ ልብሱ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ አስቀድሞ ወስኗል። መሮው አንዴ ከሳተ የቅዱሱን አፍንጫ መልሶ የሚተክል የለም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅርጽ ይልቅ ሥዕል ስለምትወድ እንዲህ ያለው ሥራ ብርቅ ነው። ከቤተ ማርያም ምዕራባዊ በር በላይ የተቀረጹት ፈረሰኞችም ከጥቂቶቹ ናቸው። ጎልጎታ ደግሞ ሴቶች አይገቡበትም፤ ከምእመኑ ግማሹ ምስሎቹን የሚያውቃቸው በፎቶግራፍ ነው።

የአሥራ አንዱም የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሥራ የተመሠረተው በመቀነስ ነው። ከዐለቱ ተለይተው በቆሙት መጀመሪያ ዙሪያው ይቆፈርና ድንጋዩ ለብቻው ይቀራል፤ ከዚያ ከጣሪያ ወደ መሠረት ይወረዳል። ሌላው ግንበኛ በመጨረሻ የሚያስበውን ጣሪያ የላሊበላ ሰው የሠራው በመጀመሪያ ነው። በቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ ያለውን የውሃ መውረጃና አሸንዳ ያየ ሰው፣ ሠሪዎቹ ክረምቱን ምን ያህል እንዳሰቡበት ይረዳል።

ችግሩም ያው ክረምት ነው። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ውሃ የሚጠጣ ነው። በ1950ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይከላከላል ተብሎ ሬንጅ ተቀባ፤ በቀጣዩ አሥር ዓመት የመጡት ጣልያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ ያንኑ ሬንጅ ሲያስልጡ ከረሙ። ሥፍራው በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ2008 ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትላልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ፤ ለጊዜው ነው ተብሎ። ጊዜያዊው ግን እዚያው ሰነበተ። ምሰሶዎቹ ክብደታቸው ያሰጋል፣ አንድ ቀን ቤተ መቅደሱ ላይ ቢወድቁስ እያለ ሲጨነቅ የኖረው ነዋሪ በ2018 አደባባይ ወጣ። በዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ቦታውን ጎበኙ፤ ፈረንሳይም ልታግዝ ቃል ገባች። ከዚያ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት መጣ፤ በ2021 ከተማዋ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተላለፈች። ቅርስ ጥበቃ ሰላም ይፈልጋል፤ ብረቱም እስከዚያው ይቆማል።

በዚህ ሁሉ ክርክር የጂኦሎጂስቱን፣ የአርክቴክቱን፣ የካህኑን፣ የባለሥልጣኑን ድምፅ ሰምተናል። የፈልፋይን ድምፅ ግን እኔ ብዙም አልሰማሁም። የለም እንዳንል፣ አለ። በጋሸና አቅራቢያ ዳግማዊ ላሊበላ በሚባለው ቦታ አንድ አባት ከረዳቶቻቸው ጋር በእኛ ዘመን አዳዲስ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ፈልፍለዋል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ገርቨርስ በአማራና በትግራይ እንዲህ ያሉ ሥራዎችን መዝግበዋል። ፈልፋዮቹ የሚሠሩበት መሣሪያ ዶማ፣ መዶሻና መሮ ነው። ፈልፋዩ ወደ ውስጥ ሲገባ ሊተወው የሚገባውን ዓምድ ሳይነካ ያልፋል፤ ስንጥቅ ቢገጥመው አቅጣጫ ይቀይራል። ይህ የመጻሕፍት ዕውቀት አይደለም፤ ቀን በቀን በእጅ የሚገኝ ነው።

የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች የሚፈሩትን አውቃለሁ፦ በጎ ፈቃድ ያለው ፈልፋይ የተጎዳውን ምስል «ላስተካክል» ብሎ ቢነካው ቅርሱ ጠፋ ማለት ነው። ልክ ናቸው። በጎልጎታ ግድግዳ ላይ ማንም መሮ ይዞ እንዳይቀርብ እኔም እሟገታለሁ። ግን ድንጋይ መጥረብና ድንጋይ ማንበብ ለየቅል ናቸው። ውሃ የት እንደሚሰርግ፣ ስንጥቁ አሮጌ ይሁን ትናንት የተከፈተ፣ የትኛው ቁራጭ ሊረግፍ እንደተዘጋጀ ከእጁ ላይ የሚያውቅ ሰው አለ። የወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጥገና የአካባቢውን ሰዎች አሠልጥኖ አሳትፏል፤ መንገዱ አዲስ አይደለም ማለት ነው። የሚቀረው ሥልጠናው ወደ ሌላም አቅጣጫ እንዲሄድ፣ ፈልፋዩ ሠልጣኝ ብቻ ሳይሆን አስተማሪ እንዲሆን ነው።

መጠለያው ይነሣ፣ ይቀየር፣ ይቆይ የሚለውን ጥናት ይወስነው። ፍሳሽና ስንጥቅ በሚከታተል ማንኛውም ኮሚቴ ግን ሁለት ፈልፋዮች ይጨመሩ። አበላቸው ተደምሮ የአንድ የውጭ አማካሪ የአውሮፕላን ትኬት አይሞላም።