ደብረ ብርሃንን የሰየማት ብርሃን

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በአገሩ ላይ ብርሃን ታየ፤ ለብዙ ቀናትም ሳይጠፋ ቆየ ይላል ዜና መዋዕሉ። ንጉሡም ከእግዚአብሔር የተላከ ምልክት ነው ብለው በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ግቢያቸውንም ተከሉ። የዚያ ዘመን ነገሥታት ከሰፈር ሰፈር እየዞሩ በድንኳን ይኖሩ ነበር። እሳቸው ግን ከመጨረሻዎቹ 14 የንግሥና ዓመታት 12ቱን እዚያው ብርዱ ላይ ቆዩ።

ብርሃኑ ምን ነበር? አንዳንድ የታሪክ ምሁራን የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሃሌይ በ1448 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1456) በምድር አቅራቢያ አልፏል፤ በሸዋ ሰማይም ሊታይ ይችል ነበር።

ጅራታም ኮከብ እንላለን እንጂ ነገሩ ኮከብ አይደለም። ኮከብ በራሱ ይነዳል፤ ይህ ግን በረዶና አቧራ አንድ ላይ የረጋበት ጓል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጂዮቶ የተባለችው የአውሮፓ መንኩራኩር 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠግታ ሃሌይን ፎቶ አነሳችው። 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ መሐሉ ሰርጎድ ያለ፣ የኦቾሎኒ ቅርፊት የመሰለ ነገር ታየ። መልኩ ከከሰል የጠቆረ ነው፤ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን 4 በመቶውን ብቻ ይመልሳል። ለአንድ ከተማ ብርሃን ብሎ ስም አወጣ የሚባለው እንግዲህ ይህ ጥቁር ጓል ነው።

የሚያበራው ጓሉ ሳይሆን ትንፋሹ ነው። ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው ይተንናል፣ አቧራውን ይዞ ይወጣል። የፀሐይ ብርሃንና ከፀሐይ የሚነፍሰው የቅንጣት ነፋስ ያንን ጉም እየገፉ ወደ ኋላ ይዘረጉታል። ስለዚህ ጅራቱ ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ ነው፤ ኮከቡ ፀሐይን ዞሮ ሲመለስ ጅራቱን ከፊት አስቀድሞ ይሄዳል። በየ76 ዓመቱ ገደማ ይመላለሳል። ይህን ያወቀው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ ነው፤ የ1531፣ የ1607 እና የ1682 ጅራታሞች (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አንድ መሆናቸውን አስልቶ በ1758 ይመለሳል አለ። በ1742 ሞተ፤ ኮከቡን ግን በ1758 የገና ቀን ፓሊች የሚባል ጀርመናዊ ገበሬ አየው። ከ1531 ወደ ኋላ 75 ዓመት ሲቆጠር የዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ላይ ይደረሳል።

እስቲ ቀኑን ደግሞ እንቁጠር፤ እንቆቅልሹ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ብርሃኑ ብቻውን አልመጣም። ንጉሡ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት ለእመቤታችንና ለመስቀል አንሰግድም ብላችኋል ብለው በድንጋይ አስወገሯቸው። መነኮሳቱ በበኩላቸው ከሥላሴ በቀር ለማንም አንሰግድም ባዮች ነበሩ። በትውፊቱ የተወገሩት የካቲት 2 ነው፤ ብርሃኑ የወረደው በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10። ንጉሡም ፍርዴ ትክክል እንደ ነበር ሰማይ መሰከረልኝ አሉ።

ሃሌይ በዚያ ዓመት ጎልቶ የታየው ግን ከሰኔ 19 እስከ 23 ነው፤ ከመጋቢት 10 በኋላ ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ። በመጋቢት ገና ከፀሐይ ሩቅ ነበር። መብረቅ ወይም ተወርዋሪ ኮከብ እንዳንል ደግሞ እነዚህ በቅጽበት ያልፋሉ፤ «ለብዙ ቀናት» ከሚለው ቃል ጋር የሚስማማው ጅራታም ኮከብ ነው። በእኔ ግምት የተዛባው ቀኑ እንጂ ብርሃኑ አይደለም። መጋቢት 10 የመስቀል በዓል ነው፤ ለመስቀል አልሰገዱም ተብለው በተገደሉ ሰዎች ላይ ሰማይ ፍርድ ሰጠ ለማለት ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይገኛል? በዚያው ዓመት ፍሎሬንስ ላይ ቶስካኔሊ የተባለ ሊቅ የጅራታሙን ቦታ በከዋክብት መሐል እየለካ ይመዘግብ ነበር። የእኛው ጸሐፊ የመዘገበው ትርጉሙን ነው። ለሥነ ፈለክ ሰው የቶስካኔሊ ይበልጣል፤ ለታሪክ ሰው ግን የኛው ብዙ ይናገራል።

በነገራችን ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሃሌይ ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይን የተጠጋው እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 1986 ነበር። ወደ እኛው ሲመለስ የካቲት 2 ቀን 1978 ዓ.ም. ይሆናል። መነኮሳቱ የተወገሩበት ቀን መሆኑ ነው። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ዘርዓ ያዕቆብ ቢኖሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፉትም ነበር።

ኮከቡ በኅዳር 2016 ዓ.ም. የመጨረሻ ሩቅ ጫፉን ነክቶ ወደ እኛ መልሶ ጉዞ ጀምሯል። ፀሐይ አጠገብ የሚደርሰው ሐምሌ 21 ቀን 2053 ዓ.ም. ነው። የሸዋን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ከዚህ ቀን ብዙ አይጠብቅም፤ ደመናው ለቀናት የማይገለጥበት ወር ነው።

እስከዚያ መቆየት ግን ግድ አይደለም። ሃሌይ በየምልልሱ የጣለውን አቧራ ምድር በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ታቋርጣለች፤ አንዱ በሚያዝያ መጨረሻ፣ ሌላው በጥቅምት። የጥቅምቱ ለደጋ ሰው ይመቻል፤ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ይጠራል። ከጥቅምት 10 እስከ 12 ባለው ሌሊት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ጨረቃ ከሌለች ከከተማ መብራት ራቅ ይበሉ፤ ከተቻለም ገደሉ ወደ አፋር ቆላ በሚያይበት አንኮበር ላይ ይቁሙ። በአንድ መስመር የተሰደሩትን ሦስት ኮከቦች ይፈልጉ። ከእነሱ አካባቢ በሰከንድ 66 ኪሎ ሜትር የሚወረወሩ ጭረቶች ሲያልፉ ያያሉ፤ እያንዳንዱ ከሃሌይ የወደቀ ብናኝ ነው። የመንዝ ባና ወይም የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ መያዝዎን ግን አይርሱ።