ጥቁር ጉድጓድን በኤክስሬይ ማጥናት

ብርሃን እንኳ የማያመልጠውን አካል እንዴት ልናውቀው እንችላለን? ጥቁር ጉድጓድ ወይም ብላክ ሆል የሚባለው አካል የስበት ኃይሉ እጅግ ብርቱ በመሆኑ ከወሰኑ ውስጥ ምንም ዓይነት ጨረር አይወጣም። ሆኖም በዙሪያው የሚፈጸመው ነገር ስለ እርሱ ይመሰክራል። በዚህ ጽሑፍ የኤክስሬይን ምስክርነት ሲግነስ ኤክስ-1 የተባለውን አካል በምሳሌነት ወስደን እንመለከታለን።

ኤክስሬይ ከየት ይመጣል?

ጥቁር ጉድጓድ ከአንድ ኮከብ ጋር ተጣምሮ ሲገኝ ከኮከቡ ጋዝ ይስባል። ጋዙ በቀጥታ አይወድቅም፤ በጥቁር ጉድጓዱ ዙሪያ እየተሽከረከረ ዝርግ ዲስክ ይሠራል። ወደ ውስጥ በቀረበ መጠን ፍጥነቱ ይጨምራል፤ እርስ በርሱም እየተፋተገ እስከ ሚሊዮኖች ዲግሪ ይግላል። እንዲህ የጋለ ጋዝ ኤክስሬይ ያመነጫል። እንግዲህ የሚደርሰን ጨረር ከጥቁር ጉድጓዱ ውስጥ የወጣ ሳይሆን ጋዙ ከመግባቱ በፊት የለቀቀው ነው።

ከኬንያ ጠረፍ የተነሣችው ሳተላይት

ከባቢ አየራችን ኤክስሬይን ስለሚውጥ መመልከቻው ከአየር በላይ መውጣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1962 ሪካርዶ ጃኮኒና ባልደረቦቹ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ የሚገኘውን የመጀመሪያውን የኤክስሬይ ምንጭ በሮኬት አገኙ። ሲግነስ ኤክስ-1ም በ1964 በዚሁ ዘዴ ተገኘ። ይሁን እንጂ ሮኬቶቹ ከአየር በላይ የሚቆዩት ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበር። በዲሴምበር 12 ቀን 1970 ግን ለኤክስሬይ ጥናት ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከጎረቤታችን ከኬንያ ጠረፍ፣ በማሊንዲ አቅራቢያ ባሕር ላይ ከቆመው የጣሊያን ሳን ማርኮ መድረክ ተወነጨፈች። ዕለቱ ኬንያ ነፃ የወጣችበት 7ኛ ዓመት ስለነበር በስዋሂሊ «ነፃነት» ማለት የሆነው ኡሁሩ የሚል ስም ተሰጣት።

ማስረጃው እንዴት ተሟላ?

ኡሁሩ የሲግነስ ኤክስ-1 ጨረር ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደሚደምቅና እንደሚደበዝዝ አሳየች። አንድ አካል ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ከሚያቋርጠው ጊዜ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በመላ አካሉ ሊለዋወጥ አይችልም። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ የጨረሩ ምንጭ ስፋት ከፀሐይ ዲያሜትር ሩብ ያነሰ መሆን አለበት ማለት ነው።

ይህ ብቻውን ግን አያረካም፤ ኒውትሮን ኮከብም ትንሽ ነው፣ ኤክስሬይም ያመነጫል። ስለዚህ መጠነ ቁሱን ማወቅ አስፈለገ። በ1971 በሬዲዮ ቴሌስኮፖች አማካይነት ትክክለኛ ሥፍራው ሲለይ በዚያ አንድ ግዙፍ ሰማያዊ ኮከብ ተገኘ። ይህ ኮከብ ከማይታይ ጓደኛው ጋር በ5.6 ቀን አንድ ዙር ይዞራል። ከዙረቱ የማይታየው ጓደኛ መጠነ ቁስ ይሰላል፤ በ2021 ይፋ የሆነው ልኬት የፀሐይን 21 እጥፍ ያህል መሆኑን አመለከተ። ኒውትሮን ኮከብ ግን ከፀሐይ 3 እጥፍ ገደማ በላይ ሊከብድ አይችልም።

ስቲቨን ሆኪንግ በ1974 ሲግነስ ኤክስ-1 ጥቁር ጉድጓድ አይደለም ብሎ ከኪፕ ቶርን ጋር ተወራርዶ ነበር፤ በ1990 መረታቱን አመነ። ጃኮኒም በ2002 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ አንድ ምልክት ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ነው። ኤክስሬይ የት እንደምንፈልግ ነገረን፤ የብርሃኑ መለዋወጥ ስፋቱን ወሰነልን፤ የጓደኛው ኮከብ ዙረት ክብደቱን መዘነልን። ሦስቱ በአንድነት ሲቆሙ ግን የማይታየውን አካል አወቅነው።