ክለቡን የሚሸከሙት የማያሸንፉት ናቸው

በአገራችን የአትሌቲክስ ክለብ ሲባል ቀድመው የሚታወሱት መቻል፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክና መሰሎቻቸው ናቸው። በትልልቅ ተቋማት ሥር የታቀፉ ክለቦች ናቸው። አትሌቱ ደመወዝ ይቆረጥለታል፣ ትጥቅ ይሰጠዋል፣ በኢትዮጵያ ሻምፒዮና የክለቡን ማሊያ ለብሶ ይሮጣል። ስንቱ የገበሬ ልጅ በእነሱ በኩል ለዓለም መድረክ እንደበቃ ስለምናውቅ ውለታቸውን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ በራቸው የሚከፈተው ሰዓት ላስመዘገበ ወጣት ብቻ ነው። የ9 ዓመት ሕፃን፣ የ45 ዓመት ነጋዴ፣ ጡረታ የወጡ መምህር አይገቡበትም። በ20 ዓመቱ ሰዓቱ ያልሞላለት ሯጭም ጫማውን ሰቅሎ ወደ ሌላ ኑሮ ይሄዳል እንጂ ስፖርቱ ውስጥ የሚቆይበት ቦታ አያገኝም። የሚጎድለን ሕፃኑንም፣ ጎልማሳውንም፣ ሽማግሌውንም በአንድ መዝገብ የሚይዝ የሰፈር አትሌቲክስ ክለብ ነው። እንዲህ ያለው ክለብ ሊመሠረትና ሊዘልቅ የሚችለው ደግሞ በሻምፒዮኖች ሳይሆን በማያሸንፉ አባላቱ ትከሻ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕዝቡ ለመሮጥ ፍላጎት የለውም የሚል ካለ በኅዳር ወር አዲስ አበባን ይመልከት። ኃይሌ ገብረሥላሴ የመሠረተው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ተጀምሮ ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ሕዝብ የሚሮጥበት የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ሆኗል። ከዚያ ሕዝብ አብዛኛው ከመሪዎቹ ጋር የሚፎካከር አይደለም፤ እየዘፈነ፣ እየተሳሳቀ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተያይዞ ይጨርሳል። የሚያሳዝነው ማግስቱ ነው። ያ ሁሉ ሰው ቲሸርቱን አጥቦ ያስቀምጥና የሚቀጥለውን ኅዳር ይጠብቃል፤ በየሳምንቱ የሚቀጥርበት ሜዳ፣ ቢቀር «የት ጠፋህ?» የሚለው ባልንጀራ የለውም። የአንድ ቀን ውድድር ፍላጎትን ያሳያል፤ ልማድ አድርጎ የሚያቆየው ግን ክለብ ነው።

ክለብ በማያሸንፉት ትከሻ ላይ እንደሚቆም ከበቆጂ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ይህች የአርሲ ከተማ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ማፍራቷ ሲነገር፣ አድናቆቱ ቶሎ ወደ አየሩ ስስነትና ወደ ተፈጥሮ ስጦታ ይሄዳል። ከፍታውስ በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞችም አለ። በቆጂን የለየው አንዱ ነገር ስንታየሁ እሸቱ የተባለ የስፖርት መምህር በዚያው ከተማ ሆኖ ለዓመታት በየማለዳው ልጆችን ሰብስቦ ማሠልጠኑ ነው። በሺህ የሚቆጠር ልጅ ከዚያ ሜዳ አልፏል፤ ለኦሊምፒክ የበቁት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት በከንቱ የለፉ መስሎ የሚታየን ክለብን በሜዳሊያ ብቻ መመዘን ስለለመድን ነው። ጥሩነሽ በልጅነቷ አብሯት የሚሮጥ ጓደኛ ባይኖራት ፍጥነቷን በምን ትለካው ነበር? የፊተኛውን የሚገፋው ከኋላው ያለው ነው። ታዋቂ ያልሆነው ሯጭ በሌላ አገር ቢሆን ኖሮ በ30 ዓመቱ ሰዓት ያዥ፣ በ40 ዓመቱ የሕፃናት አሠልጣኝ፣ በ60 ዓመቱ የክለቡ ሰብሳቢ ይሆን ነበር። እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ልምድ ከሜዳው ጋር ተለያይቶ ይቀራል።

ሁሉንም ዕድሜ በአንድ ክለብ ማቀፍ ሲባል ሁሉንም አንድ ዓይነት ልምምድ ማሠራት አይደለም። ትልቁ ስህተት የሚፈጸመው በልጆች ላይ ነው። በልጅ አጥንት ጫፍ ያለው የማደጊያ ክፍል ገና ስላልጠነከረ፣ ተደጋጋሚ ረጅም ሩጫ ጉዳት ሊያስከትልበት ይችላል። በስፖርት ሕክምና በስፋት የሚሰጠው ምክር ልጁ በሳምንት የሚሠራው የተደራጀ ስፖርት ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር እንዳይበልጥ ነው፤ የ10 ዓመት ልጅ በሳምንት ከ10 ሰዓት አይለፍ ማለት ነው። ይዘቱም ሩጫ ብቻ ሊሆን አይገባም። የዓለም አትሌቲክስ ለሕፃናት ያዘጋጀው መርሐ ግብር አጫጭር ሩጫን፣ መሰናክልን፣ ዝላይን፣ ለስላሳ ዕቃ መወርወርንና ዱላ ቅብብልን ይዟል፤ ውጤቱም ለቡድን ይቆጠራል እንጂ አንድ ልጅ ተነጥሎ አይነግሥበትም። በአገራችን ዝላይና ውርወራ የእንጀራ ልጅ ሆነው የቀሩት ልጆቻችን አቅም ስላነሳቸው ነው ወይ? አይመስለኝም። አሎሎ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ወርዋሪ መሆኑን በምን ያውቃል?

ልጆችን በጊዜ የመዘገበ የሰፈር ክለብ ሌላ የቆየ ችግርም ያቃልላል። በታዳጊዎች ውድድር ዕድሜ መቀነስ ለዓመታት ሲያወዛግብ ኖሯል። ወጣቱ ወደ ስፖርቱ የሚገባበት ብቸኛ መንገድ የታዳጊዎች ሜዳሊያ ሲሆን መዋሸቱ ባያስደስትም አይገርምም። በ8 ዓመቱ ተመዝግቦ በየዓመቱ ቁመቱና ሰዓቱ የተጻፈለትን ልጅ ግን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። በ17 ዓመቱ ባያሸንፍም በ25 ዓመቱ ክለቡ ስለማያባርረው የሚዋሽበት ምክንያት አይኖረውም።

ወደ ጎልማሶቹ ስንመጣ፣ «ዕድሜዬ አልፏል» የሚለው ቃል ብዙዎችን ቤት አስቀርቷል። በአትሌቲክስ የአንጋፎች ምድብ የሚጀምረው በ35 ዓመት ሲሆን ከዚያ በኋላ በየአምስት ዓመቱ እየተከፈለ ይሄዳል፤ የ70 ዓመት ሰው የሚወዳደረው ከእኩዮቹ ጋር ነው። ቀነኒሳ በ2016 ዓ.ም. የለንደን ማራቶንን በ41 ዓመቱ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ጨርሶ ሁለተኛ ወጥቷል። ካናዳዊው ኤድ ዊትሎክ ደግሞ በ73 ዓመቱ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ሮጧል። እነዚህ ልዩ ሰዎች ናቸው፤ ለተራው ሰው የሚጠቅመው ሌላ ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ከ65 ዓመት በላይ ያለው ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛን መጠበቅንና ጉልበትን የሚያጠነክር ልምምድ እንዲጨምርበት ይመክራል። ፈጣን እርምጃና ሶምሶማ ለዚህ ይበቃሉ። ሴቶችን በተመለከተ የቡድን ጥቅም ይበልጥ ይጎላል፤ ገና ሳይነጋ ብቻዋን ለመውጣት የምትሠጋ ሴት ከ15 ጎረቤቶቿ ጋር ስትሆን ትወጣለች።

እዚህ ላይ አሳማኝ የሆነ ተቃውሞ ይነሳል። ደመወዝ የማይከፍል ክለብ በበጎ ፈቃድ ምን ያህል ይዘልቃል? የመጀመሪያው ዓመት ግለት ሲበርድ አሠልጣኙ ይደክማል፣ ገንዘብ ያዡ ይጠፋል ይላሉ። ግን እድርን ማን ደመወዝ ከፍሎት ነው ይህን ያህል ዘመን የኖረው? ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የጽሑፍ ደንብ፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ ለቀሪ ቅጣት፣ በዓመት አንዴ የሒሳብ ሪፖርት አለው። ለሰፈር ክለብ የሚያስፈልገው አስተዳደር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሙያውን ሕዝቡ ያውቀዋል። የሚጨመሩት ጥቂት ናቸው፦ መሠረታዊ ሥልጠና የወሰደ አሠልጣኝ፣ የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቅ ሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የልጆች ደኅንነት ተጠሪ። በእንግሊዝ እያንዳንዱ በፌዴሬሽን የታቀፈ ክለብ እንዲህ ያለ ተጠሪ የመሰየም ግዴታ አለበት። እኛም ገና ከመጀመሪያው ደንባችን ውስጥ ልናስገባው ይገባል፤ ማንም አዋቂ ከልጅ ጋር ከሰው ዓይን ተሰውሮ ልምምድ መስጠት የለበትም።

በጎ ፈቃድ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ፓርክረን የተባለው እንቅስቃሴም ምስክር ነው። በ1997 ዓ.ም. መስከረም ላይ በለንደን ቡሺ ፓርክ 13 ሯጮች ተሰባስበው የጀመሩት የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ዛሬ ከ20 በላይ አገሮች ውስጥ በየሳምንቱ ይካሄዳል። ክፍያ የለውም፤ ሰዓት የሚይዙትም መንገድ የሚጠቁሙትም ፈቃደኞች ናቸው። የተሳታፊዎቹ አማካይ ሰዓት ከዓመት ዓመት እየዘገየ መጥቷል፤ አዘጋጆቹም በዚህ ይኮራሉ። ከዚህ ቀደም ሮጦ የማያውቅ ሰው እየገባ መሆኑን የሚነግራቸው ይኸው መዘግየት ነውና።

«ታዲያ ጥራቱ አይወርድም? ባለ ተሰጥኦው ልጅ በሶምሶማ ሯጮች መካከል አይባክንም?» የሚሉ አሠልጣኞች አሉ። ሥጋታቸው የሚፈታው ቡድን በመለየት ነው። ጎበዙ ልጅ ጠንካራ ልምምዱን ከአቻዎቹ ጋር በሌላ ቀን ይሠራል፤ ሲደርስም ክለቡ ወደ ትልልቆቹ ክለቦች አሳልፎ ይሰጠዋል፣ ለወጪውም ተገቢ ካሳ ቢያገኝ ፍትሐዊ ነው። ሩጫን እንጀራ ያደረጉ ሰዎች ባሉበት አገር በትርፍ ጊዜ መሮጥ ቅንጦት ነው የሚለውን ግን ጨርሶ አልቀበለውም። ደም ግፊትና ስኳር የሀብታም በሽታ መሆናቸው ከቀረ ቆይቷል፤ መድኃኒት ለመግዛት የሚቸገረው ሰው ከማንም በላይ አስቀድሞ መከላከል ያስፈልገዋል።

ከሁሉም የከበደው የሜዳ ጉዳይ ነው። የአገር አቋራጭ ውድድር የሚካሄድበት ጃንሜዳ እንኳ በኮሮና ወቅት የአትክልት ገበያ ሆኖ ከርሟል፤ በየሰፈሩ ያለው ክፍት ቦታም በሕንፃ እየተዋጠ ነው። አዲስ ሜዳ እስኪሰጥ መጠበቅ ክለቡን ሳይወለድ ይገድለዋል። ስለዚህ ከወረዳው መሬት ከመለመን ከትምህርት ቤቶች ሰዓት መጠየቅ ይሻላል። የትምህርት ቤት ግቢ ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ባዶውን ይውላል። በኖራ የ60 ሜትር መስመር ማስመር፣ አንድ ጥግ ላይ አሸዋ ሞልቶ መዝለያ ማበጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን፦ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ግቢውን ማን እንደሚያጸዳ፣ ለተሰበረ ዕቃ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ፤ የትምህርት ቤቱ ተማሪዎችም በምላሹ ያለ መዋጮ ይመዝገቡ።