ከአሰላ የተቀዳ ደምና የዓለም የጤና ሥነ ምግባር ማዕከላት መረብ

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ከሚገኙት ቀበሌዎች አንዲት እናት ለሕክምና ወደ አሰላ ወረዱ እንበል። ሐኪሙ ከመረመራቸው በኋላ አንድ ተመራማሪ ቀርቦ፣ ለሕክምናቸው ከሚያስፈልገው በተጨማሪ ለጥናት የሚሆን ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም እንዲሰጡ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም ይስማማሉ። ደሙ በብልቃጥ ሆኖ ከማቀዝቀዣ ይገባል፤ ምርመራው በአገር ውስጥ የማይሠራ ከሆነም ባሕር ተሻግሮ ወደ ጀርመን ሊሄድ ይችላል። ለመሆኑ በዚህ ጉዞ መካከል «ይህ አግባብ አይደለም» ብሎ ሥራውን ማስቆም የሚችለው ማን ነው?

ምሳሌው ከአካባቢው እውነታ የራቀ አይደለም። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ በዱሰልዶርፍ ከተማ ከሚገኘው ከሃይንሪሽ ሃይነ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተላላፊ በሽታዎች ላይ አብሮ የሚሠራ ሲሆን፣ አሰላ ውስጥም ሂርሽ የተሰኘ የትሮፒካል ሕክምና ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል።

ከላይ ለተነሣው ጥያቄ ብዙ ተማሪዎች «የዓለም ጤና ድርጅት ነዋ!» የሚል መልስ ይሰጡ ይሆናል። በእርግጥም ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በጄኔቫ ዋና መሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባርና ጤና ክፍል አለው። በባዮኤቲክስ ላይ የሚሠሩ ተባባሪ ማዕከሎቹንም በአንድ መረብ አስተሳስሯል። ቶሮንቶ፣ ዙሪክ፣ ሜልቦርን፣ ሲንጋፖር፣ ካራቺና ጆሃንስበርግ በተለያየ ጊዜ ስያሜውን ያገኙ ማዕከላት የሚገኙባቸው ከተሞች ናቸው። ይሁን እንጂ መረቡ ፍርድ ቤት አይደለም፤ አንድም ጥናት የመፍቀድ ወይም የመከልከል ሥልጣን የለውም።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ድርጅቱ የመጀመሪያ ዓመታት መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1949 የተካሄደው ሁለተኛው የዓለም ጤና ጉባኤ፣ ድርጅቱ የራሱን ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ከሚያቋቁም ይልቅ በየአገሩ ያሉትን ቢያግዝና ቢያስተባብር እንደሚሻል ወሰነ። የተባባሪ ማዕከላት አሠራር የተገነባው በዚህ ውሳኔ ላይ ነው። ማዕከሉ የሚሰየመው በድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ሲሆን (እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዚህ ወንበር የተቀመጡት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም መሆናቸውን ልብ ይሏል)፣ አስቀድሞ ከድርጅቱ ጋር አብሮ የሠራ መሆን አለበት፤ የአገሩ መንግሥትም ይጠየቃል። ስያሜው ብዙውን ጊዜ ለአራት ዓመት ይጸናል። ሁለቱ ወገኖች የሥራ ዕቅድ ይፈራረማሉ፤ ማዕከሉ በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል። ድርጅቱ ግን ገንዘብ አይከፍልም። ስሙ የድርጅቱ፣ ቀለቡ ግን የየዩኒቨርሲቲው ነው። በመሆኑም ጄኔቫ በማዕከላቱ ላይ ያላት ዋና መቆጣጠሪያ ዕቅዱን ማጽደቅና፣ ሥራው ካላረካት ስያሜውን አለማደስ ነው።

በዚህ ጸሐፊ ዓይን የአሠራሩ ደካማ ጎንም ከዚሁ ይመነጫል። ወጪውን ራሱ መሸፈን የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ ሀብታም ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ፣ መረቡ ጥናቱ ወደሚታቀድበት ዓለም እንጂ ደሙ ወደሚቀዳበት ዓለም አያደላም። የሚያፈራው ፍሬም ምክርና ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው፣ በዓለም አቀፍ የጤና ሥነ ምግባር ዐበይት ጉዳዮች ላይ ያተኮረው መጽሐፍ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

እንግዲህ «አይሆንም» የማለት ሥልጣን የሚገኘው የት ነው? በመጀመሪያ በራሳቸው በእናቲቱ እጅ ነው። ስለ ጥናቱ በሚያውቁት ቋንቋ፣ በአርሲ ደጋ በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ፣ ሊገለጽላቸው ይገባል። ከተስማሙ በኋላም ሐሳባቸውን ቢለውጡ ሕክምናቸው አይጓደልም። ቀጥሎ አሰላ ያለው የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አለ። ጥናቱ ከውጭ አገር ተቋም ጋር የሚካሄድና ናሙና የሚላክበት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ይሄዳል። ይህ ኮሚቴ የሚሠራበት ብሔራዊ መመሪያ አምስተኛው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ጥናቱ አዲስ መድኃኒት የሚሞክር ቢሆን ኖሮ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ፈቃድ ባስፈለገ ነበር።

በዱሰልዶርፍ በኩልም የሕክምና ፋኩልቲው ኮሚቴ ይገመግመዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1949 ያቋቋሙት የዓለም አቀፍ የሕክምና ሳይንስ ድርጅቶች ምክር ቤት በ2016 ያሻሻለው መመሪያ፣ ከውጭ ድጋፍ የሚደረግለት ጥናት በደጋፊውም በአስተናጋጁም አገር እንዲገመገም ይጠይቃል። እዚህ ላይ አንድ ነጥብ በአጽንዖት ሊታይ ይገባል። ከእነዚህ ኮሚቴዎች አንዱ የሌላውን «እሺታ» ማስገደድ አይችልም፤ የማንኛውም «እምቢታ» ግን ጥናቱን ከአሰላ በር ላይ ያቆመዋል። የዱሰልዶርፍ ፊርማ ብቻውን የኢትዮጵያን ደም አያስቀዳም።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በናሙና ማስተላለፊያ ስምምነቱ ውስጥ ነው። ምን ያህል ብልቃጥ ይላካል? ለየትኛው ምርመራ? የተረፈው ይመለሳል ወይስ ይወገዳል? ከውጤቱ በሚጻፈው ጽሑፍ ላይ የአሰላ ተመራማሪዎች ድርሻ ምንድን ነው? ምርመራውን በአገር ውስጥ ማካሄድ የሚቻል ከሆነስ መላኩ ለምን አስፈለገ? እነዚህ ጥያቄዎች ደረቅ የቢሮ ወረቀት ይመስላሉ፤ ነገር ግን እናቲቱ ለአንድ ጥያቄ የሰጡት ደም ለሌላ ጥያቄ እንዳይውል የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርመን ያለ አንድ ተመራማሪ በተረፈው ደም ላይ የዘር ምርመራ ለማካሄድ ቢፈልግና ስምምነቱ ይህን ያልጠቀሰ ከሆነ፣ ማቀዝቀዣው ከመከፈቱ በፊት ማመልከቻው እንደገና ወደ ኢትዮጵያ ኮሚቴዎች መመለስ አለበት።