የቁስቋም ዳገትና ያረጀ አይሱዙ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚጣለውን ግብር ከፍ ካደረገ ወዲህ፣ ያረጀ አይሱዙ እንደ ዘበት የሚገዛ ዕቃ አይደለም። የቁስቋም ዳገት ግን ደላላ የሸፈነውን ይገልጣል።

ሞተሩ ከተንተፋተፈ ጭሱን ይመልከቱ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ እንጦጦ ግርጌ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥቂቱ አያስደነግጥም።

ቀጥሎ መካኒኩ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የኢንጀክተሮቹን ቱቦ በየተራ ያላላ። ሲላላ ድምፁ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ሥራ ፈት ነው። ኢንጀክተሩ ከሌላው ጋር ይቀያየር። ጥፋቱ አብሮ ከሄደ ወጪው ይቻላል፤ እዚያው ከቀረ ግን ፖምፓ፣ ቫልቭ ወይም ፋሻ ይጠረጠራል። ይህ ከዋጋው ካልተቀነሰ ገዢው የሻጩን ዕዳ ገዛ ማለት ነው።